ለጮቄ ያልተከፈለው የዓባይ ዕዳ

ከጮቄ ተራራ ራስ ፈልቀው ቁልቁል ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርዱት ሙጋና ሱሃ፣ በሐምሌና በነሐሴ በሞሉ ጊዜ፣ የታረሰ ማሳ መልክ ይዘው እንደሚያልፉ በቢቸና ያደገ ሰው ሁሉ ያውቃል። ያ አፈር፣ የነጭ ጤፍ እናት የሆነው አፈር፣ ስንት ዘመን ሱዳንንና ግብፅን ሲያለማ ኖሮ፣ ዛሬ ጉባ ላይ ባቆምነው በራሳችን ግድብ ውስጥ መተኛት ስለጀመረ፣ የግድቡ ዕድሜ ከቢቸናና ከሞጣ ገበሬ ማሳ ጋር ተቆራኝቷል፤ መንግሥትም ይህን አውቆ ለገበሬው ድርሻውን ሊከፍል ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

ዓባይን የመገደብ ሐሳብ ትናንት የተወለደ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት ውል፣ የወንዙን ፈሳሽ የሚገታ ሥራ ያለ እንግሊዝና ያለ ሱዳን መንግሥት ስምምነት እንዳይሠራ ቃል ከገቡ ከሩብ ምዕት ዓመት በኋላ፣ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በ1920 ዓ.ም. ሐኪም ወርቅነህ እሸቴን ወደ አሜሪካ ልከው፣ አንድ የኒው ዮርክ የምሕንድስና ኩባንያ የጣናን መውጫ እንዲያጠና አደረጉ፤ ነገር ግን ፋሺስት ኢጣልያ ወረረንና ጥናቱ ወረቀት ሆኖ ቀረ። ግብፅና ሱዳን በ1952 ዓ.ም. ባለቤቱን ሳይጠሩ፣ 55.5 ቢሊዮን ሜትር ኩቡን ለግብፅ፣ 18.5 ቢሊዮኑን ለሱዳን አድርገው ውሃውን ሲከፋፈሉ፣ በእኛ በኩል ከ1950 እስከ 1956 ዓ.ም. አሜሪካውያን መሐንዲሶች ተፋሰሱን በበቅሎም በሄሊኮፕተርም ዞረው እያጠኑ፣ በዋናው ወንዝ ላይ ካራዶቢ፣ ማቢል፣ መንዳያና ድንበር የተባሉ አራት ግድቦችን አቀዱ። ከእነዚህ የመጨረሻው 11 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያህል እንዲይዝ የታሰበ ነበር። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. በዚያው አካባቢ መሠረቱ የተጣለውና ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የጉባው ግድብ ግን 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይይዛል፤ የማመንጨት አቅሙም 5150 ሜጋዋት ነው። ይህን ያህል ሥራ በአብዛኛው ከአገር ውስጥ በተገኘ ገንዘብ፣ ከደመወዝ የተቆረጠና ከገበሬ ጉያ የወጣ የቦንድ ገንዘብም ታክሎበት መቆሙን ሳስብ ልቤ በአኮቴት ይሞላል።

ሆኖም የዲማና የደብረ ወርቅ ሊቃውንት ፈለገ ግዮን እያሉ ቅኔ የተቀኙለት ወንዝ፣ ለአገሩ ሰው የሚጠጣም የሚያጠጣም ሆኖ አያውቅም፤ ከደጋው ከሺሕ ሜትር በላይ ቁልቁል ርቆ፣ ንዳድ በነገሠበት ቆላ ውስጥ እየፈሰሰ ዘመድን ከዘመድ ሲለይ ኖረ እንጂ። በሞጣ በኩል ወደ ቤጌምድር የሚያሻግረው የጎንደር ነገሥታት ዘመን የድንጋይ ድልድይ በጠላት ወረራ ጊዜ ከተሰበረ በኋላ፣ ሰው ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ ከወዲያ ማዶ በጎበዛዝት ክንድ እየተጎተተ በገደሉ ላይ ተንጠልጥሎ ለብዙ ዓመታት ተሻግሯል። በኩራዝ ብርሃን እያመሸ ለመብራት ግድብ ቦንድ የገዛውም ይኸው ሕዝብ ነው።

ደለል ግድብን ምን እንደሚያደርገው ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያሻም። በ1958 ዓ.ም. የተጠናቀቀው የሱዳኑ የሮዛሪስ ግድብ፣ ከእኛ ደጋ በወረደ አፈር ከሲሶ በላይ የሚሆነውን የመያዝ አቅሙን ስላጣ፣ ሱዳኖች በ2005 ዓ.ም. ከፍታውን በ10 ሜትር ለመጨመር ተገደዋል። የእኛ ግድብ እጅግ ሰፊ በመሆኑ ቶሎ አይሞላም፤ ነገር ግን አፈሩ ከጮቄ ሲጠረግ አስቀድሞ የሚራበው ሞጣና ቢቸና ነው።

ገበሬው በየዓመቱ በጥርና በየካቲት በነጻ ጉልበቱ እርከን ይሠራል፣ ክትር ይከትራል፤ ይህ ይበቃል የሚሉ ሰዎች ግን አንድ ነገር ይዘነጋሉ። እርከን መሬት ይበላል፤ ሁለት ጥማድ ላለው ሰው እርከኑ የያዘበት መሬት የአንድ ወር ቀለብ ሊሆን ይችላል። በሬውን ከጓሳውና ከአስታው እንዲያርቅ፣ ገብስና ድንች የሚዘራበትን ቁልቁለት ለደን እንዲለቅ የምንጠይቀው፣ ጥቅሙ ታች ላለው ተርባይን ሲሆን፣ ጉዳቱን ብቻውን እንዲሸከም መተው ፍትሕ አይደለም። ለሱዳን፣ ለጅቡቲና ለኬንያ ኤሌክትሪክ እየሸጥን ገንዘብ የለንም ማለትም አይቻለንም።

አካባቢው ሰላም ባጣበት በዚህ ወቅት ይህ ክፍያ እንዴት ይሆናል የሚል ቢኖር፣ ሥራው ሰላምን ይሻል፣ ሕጉ ግን አይሻም እላለሁ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሚመጣውን ዓመት በጀት ከማጽደቁ በፊት፣ ከግድቡ የኤሌክትሪክ ሽያጭ ለላይኛው ተፋሰስ የሚሆነውን ድርሻ በቁጥር ይወስን፤ ገንዘቡም በክልልና በዞን ሣጥን ሳይንገላታ ለየቀበሌው የተፋሰስ ማኅበር ይድረስ፤ ቁልቁለቱን ለደን ለለቀቀ ቤተሰብም ከመጀመሪያው ምርት መጓደል አስቀድሞ ካሣው ይከፈለው፣ የመብራቱም ምሰሶ እስከ ደጁ ይተከልለት።