የኪራይ ቤትም ቤት ነው

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» የምትለዋን ተረት ኪራይ ቤት የሚኖር ወጣት ሁሉ ያውቃታል። መጋረጃ ልግዛ፣ ግድግዳውን ቀለም ልቀባው፣ መደርደሪያ ላሠራ ባለ ቁጥር ጓደኞቹ ይቺኑ ይመዙበታል። «በሰው ቤት ምን አለፋህ? ነገ ውጣ ቢሉህስ?» እሱም ይቀበላቸዋል። ልብሱ ሻንጣ ውስጥ፣ ፍራሹ መሬት ላይ፣ ድስትና ጫማው አንድ ጥግ ላይ ሆነው ኑሮው «እስክቀየር ድረስ» ይባላል። እስክቀየር ሲባል ሦስት ዓመት ያልፋል።

ይህ ነገር ቦንጋ ላይ ጎልቶ ይታያል። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በኅዳር 2014 ዓ.ም. ሲመሠረት ቦንጋ ከክልሉ መቀመጫ ከተሞች አንዷ ሆነች። ዩኒቨርሲቲም አላት። የቢሮ ሠራተኛው፣ መምህሩ፣ ከካምፓስ ውጪ የሚኖረው ተማሪ፣ ከየወረዳው ሥራ ፍለጋ የመጣው ብዙ ጊዜ የሚያርፈው ግቢ ውስጥ በተደረደሩ አንድ አንድ ክፍሎች ነው። የኮንዶሚኒየም ሰዎች «ስቱዲዮ» የሚሉት ዓይነት መሆኑ ነው፤ ልዩነቱ መጸዳጃው ውጭ ያለና የጋራ መሆኑ ላይ ነው።

የእኔ ሐሳብ አጭር ናት። ክፍሉ የእናንተ ባይሆንም እዚያ ውስጥ የሚያልፈው ዕድሜ የእናንተ ነው። ስለዚህ አስተካክሉት። ግን ለቲክቶክ ሳይሆን ለቦንጋ አስተካክሉት።

ምን ማለቴ ነው? ስልካችን ላይ የሚመጡት የአንድ ክፍል ቤት ቪዲዮዎች ሁሉም ይመሳሰላሉ፤ ወለል ላይ የተነጠፈ ፍራሽ፣ ነጭ ምንጣፍ፣ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ወረቀት፣ ቀለሙ የሚቀያየር የኤልኢዲ መብራት። ያ ቤት ያለበት አገር ስንት እንደሚዘንብ ግን ማንም አይነግራችሁም። በቦንጋ አካባቢ በዓመት ወደ 1,700 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ይጥላል፤ ወቅቱም በሰኔ ገብቶ በመስከረም የሚወጣ አጭር ክረምት አይደለም።

እዚህ አየር ላይ መሬት የተነጠፈ ፍራሽ ፋሽን አይሆንም። ከገላችሁ የሚወጣው ወበቅ ቀዝቃዛውን ሲሚንቶ ሲያገኝ ውሃ ይሆናል፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ፍራሹን ብትገለብጡት ሻጋታ ታገኛላችሁ። የተለጠፈው ወረቀት ከጫፉ መላጥ ይጀምራል። የቺፑድ ቁምሳጥንም እግሩ እርጥበት ከጠጣ ያብጣል፤ አንዴ ካበጠ ደግሞ አይመለስም። ስለዚህ የመጀመሪያው ብር መብራት ላይ ሳይሆን አልጋ ላይ ይዋል፤ ፍራሹን ከመሬት የሚያነሳ ማንኛውም ነገር ይበቃል። ዕቃ ከግድግዳ ትንሽ ይራቅ፣ አየር ይለፍበት። ፀሐይ ብቅ ባለች ቁጥር መስኮት ይከፈት። ጭቃ የያዘ ጫማ በር ላይ ይቅር።

ደግሞ ዕቃ ሁሉ ከአዲስ አበባ በመኪና ተጭኖ መምጣት አለበት ያለው ማነው? በካፋ ደጋማ ቦታዎች፣ ለምሳሌ በአዲዮ በኩል፣ የቀርከሃ ደን አለ። ለተከራይ ከቀርከሃ የተሻለ ዕቃ አላውቅም። ቀላል ነው፤ ቤት ስትቀይሩ ተሸክማችሁት ትሄዳላችሁ። መደርደሪያ ይሆናል፣ ወንበር ይሆናል፣ አልጋውን ከእንግዳ ዓይን የሚከልል መጋረጃም ይሆናል፤ ከወፍራም ጨርቅ በተለየ ብርሃንና አየር ያሳልፋል። ስትገዙ ብቻ የበሰለና በደንብ የደረቀ መሆኑን እዩ፤ እርጥቡን ነቀዝ ቶሎ ይበላዋል። የምትከፍሉት ብርም እዚያው በሠራው ሰው እጅ ይቀራል።

የመሃሉን ቦታ ግን ባዶ ተዉት። የቡና አገር ተቀምጦ ጎረቤት ለቡና የማይጠራበት ክፍል ምን ቢያምር ጎደሎ ነው። ሁለት ሦስት በርጩማ አልጋ ሥር ብትከቱ ሰው ሲመጣ ታወጣላችሁ። ረከቦቱ ቦታ አይፈጅም። ከሰሉን ግን አደራ፣ በረንዳ ላይ አድርጉት። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ በተዘጋ አንድ ክፍል ውስጥ እንደተኙ ይገድላል። ለብርድ ብላችሁ ከሰል አስገብታችሁ በፍጹም እንዳትተኙ።

«ይሄ ሁሉ ጥሩ ነው፣ ግን አከራዬ ሚስማር መምታት ከልክለውኛል» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ግማሹ ችግር የእኛ ስንፍና አይደለም። በአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ሊወጣ የሚችል ሰው ለምን ቀለም ይገዛል? ለዚህም ነው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ለክፍላችሁ ውበት ከማንኛውም ቪዲዮ በላይ የሚጠቅመው። አዋጁ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይላል። የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ሲሆን፣ ከክልል ከተሞች የትኞቹ እንደሚካተቱ የሚወስኑት ክልሎቹ ናቸው። ቦንጋ የምትኖሩ ልጆች ይህንን ከተማ አስተዳደሩን ጠይቁ። የሁለት ዓመት ውል በእጁ ያለ ሰው «እስክቀየር» እያለ አይኖርም።

አከራዮችም አስቡት። አራት ሚስማር መትቶ ግድግዳውን በራሱ ብር የቀባ ተከራይ ቤታችሁን አላበላሸም፤ ጠበቀላችሁ እንጂ። የቱ ግድግዳ ላይ ሚስማር እንደሚመታ፣ ምን ቀለም እንደሚቀባ፣ ሲወጣም ምን አስተካክሎ እንደሚሄድ መጀመሪያውኑ ተነጋግራችሁ ውሉ ላይ ብትጽፉት ጭቅጭቁ ይቀራል።

እስከዚያው ግን በዚህ ቅዳሜ አንድ ነገር መጀመር ትችላላችሁ። ፍራሹን ከመሬት አንሱት፣ ሻንጣውንም ፍቱት።