የላላው መሰኪያ

ከእኩዮቼ አያቶች ጋር በተገናኘን ቁጥር ወሬያችን ገመድ አልባ ማዳመጫ ላይ ማረፉ አልቀረም። ውጭ ያለ ዘመድ የላከው ወይም ወላጅ ቆጥቦ የገዛው ዕቃ ዓመት ሳይሞላው “ቻርጅ አላደርግ አለ” ተብሎ መሳቢያ ውስጥ ይጣላል። ልጁም ሌላ ይለምናል። ሌላ ከመግዛታችሁ በፊት መሰኪያውን እዩት።

መጀመሪያ ሌላ ገመድና ሌላ ቻርጀር ሞክሩ። ካልሠራ ቀዳዳውን በባትሪ መብራት አብርታችሁ ተመልከቱ። እኛ ደብረ ብርሃኖች ከብርዱ የተነሣ ሹራቡንም ጋቢውንም እንደራርባለን። ኪስ ውስጥ የዋለ ማዳመጫ ክርና ብናኝ ስለሚጠቀጠቅበት ገመዱ እስከ መጨረሻው አይገባም። ማዳመጫውን አጥፍቶ በእንጨት ስቴኪኒ ቀስ እያሉ ማውጣት ነው። መርፌ ግን አይሆንም፤ ውስጥ ያሉትን ቀጫጭን የብረት ምላሶች ያጣምማል። ጆሮ ውስጥ የሚገቡት ትንንሾቹ ከሆኑ ደግሞ መሰኪያው ያለው በማስቀመጫ ሣጥናቸው ላይ ነው።

ተጠርጎም የሚወዛወዝ ከሆነ መሰኪያው ከቦርዱ ላይ ለቋል ማለት ነው። የቀድሞው ጠባብ መሰኪያ በአንድ ወገን ብቻ ስለሚገባ፣ ልጆች በጨለማ ገልብጠው እየገፉ ይሰብሩታል። ታይፕ ሲ የሚባለው በሁለቱም ወገን ይገባል፤ እሱም ቢሆን ገመዱ በተጎተተ ቁጥር መላላቱ አይቀርም።

ይህ የሞባይል ጠጋኝ ሥራ ነው። ባትሪውን ለይቶ፣ አሮጌውን መሰኪያ በሙቀት አንሥቶ አዲሱን ይበይዳል። ዋጋውን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ የሚቀየረው መሰኪያው ብቻ ነው ወይስ ቦርዱ በሙሉ ብላችሁም ጠይቁ። ቻርጅ ሲያደርግ ሳታዩ ገንዘብ አትክፈሉ።

እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነገር ነው። “ማን ሰበረው?” የሚለውን ቁጣ የፈራ ልጅ ብልሽቱን ይደብቃል። ገመዱን በላስቲክ አስሮ ወይም በክብሪት እንጨት ደግፎ፣ ሌሊቱን ሙሉ አልጋው ላይ ቻርጅ ያደርጋል። የላላ መሰኪያ ይግላል፤ አልጋ ላይ ደግሞ የሚቀጣጠል ነገር ሞልቷል። ባትሪው ካበጠማ ቻርጅ ማድረግም መጫንም አይገባም።

የልጄ ልጅ ማዳመጫው ሲጠገን ዓይኑን ሳይነቅል ካየ በኋላ “እኔም ልማር” አለ። ከአንኮበር የመጡት ታላቅ እህቴ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ተለዋወጠ፤ “ልጁን ጠጋኝ ልታደርገው ነው እንዴ?” አሉኝ። “እትዬ፣ ባለሙያን በሥራው መስደብ ይቅር ብለው አጼ ምኒልክ ያወጁት እኮ በ1900 ዓ.ም. ነው” አልኳቸው። እዚሁ አንጎለላ የተወለዱ፣ አንኮበር የነገሡ ንጉሥ አዋጅ ከመቶ ዓመት በኋላም ቤታችን አልደረሰም። እትዬ አልመለሱልኝም፤ ቡናቸውን ጠጡ።

ልጁ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ከጠጋኙ ጎን ይቀመጣል። መበየጃውን ገና አላስጨበጠውም። የተፈቱትን ብሎኖች በየተራቸው ወረቀት ላይ እየደረደረ፣ የትኛው ከየት እንደወጣ ይጽፋል።