ስለ ፎቶግራፍና ስለ መንገድ ጓደኛ

ፎቶግራፍ ማንሣትን ለመዝናኛ የያዘ ሰው፣ «ለመንገድ የትኛው ካሜራ ይሻላል?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። እኛ ሁለት የጀርመን ካሜራዎችን እንወዳለን። በ1925 በአውሮፓ አቆጣጠር ለገበያ የቀረበው ላይካ ትንሽ ሆኖ በአንድ ጥቅል ፊልም 36 ፎቶግራፍ ስለሚያነሣ፣ ለሰሜን ተራራዎች አቀበት ይስማማል። ሮላይፍሌክስ ግን 12 ብቻ ስለሚያነሣ፣ ባለቤቱ አስቦ እንዲያነሣ ያስተምረዋል።

እኛ ግን በቶሎ አልተማርንም። በአንድ የመስከረም ወር ሮላይፍሌክሳችንን ይዘን፣ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው ወደ ጢስ ዓባይ ሄድን። ውሃው ሞልቶ ነበርና ካሜራው ላይ አጎንብሰን 12ቱንም በፏፏቴው ጨረስን። አብረውን የመጡት አክስታችን «ልጆቼ፣ እኔንስ?» ቢሉን፣ «ለሌላ ጊዜ ይሁን እትዬ» አልናቸው። ሌላ ጊዜ ግን አልተገኘም። ዛሬ ፏፏቴው በግድግዳችን ላይ አለ፤ የእርሳቸው መልክ በልባችን ብቻ ቀረ።

ስለዚህ አንባቢዎቻችን ሆይ፣ ካሜራችሁ ውድም ቢሆን ርካሽ፣ የእጅ ስልክም ቢሆን፣ ከተራራውና ከውሃው አስቀድማችሁ አብሯችሁ የሄደውን ሰው አንሡ። የቀትር ፀሐይ ዓይንን ያጨልማልና ወደ ጥላ አስጠጉት። ፎቶግራፉንም በወረቀት አሳትማችሁ፣ ስሙን፣ ቦታውንና ዘመኑን በጀርባው በለስላሳ እርሳስ ጻፉበት። ፏፏቴው ክረምት ሲመጣ ይሞላል፤ ሰው ግን ካለፈ አይመለስም።