ፓሴጁ ይነበባል እንዴ?

ለ7ኛ እና ለ8ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ መምህራን



የ9ኛ ክፍል የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። እናንተ ሁለት ዓመት የደከማችሁባቸውን ልጆች መስከረም ላይ የምቀበለው እኔ ነኝ። ቤቴ ውስጥ ደግሞ ዘንድሮ ሚኒስትሪ የምትፈተን ልጅ አለችኝ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ማታ ልጄ የእንግሊዝኛ ወርክሺቷን ስትሠራ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። ምንባቡ ስለ አንድ ንብ አናቢ ነው፤ ከግማሽ ገጽ አይበልጥም። ልጄ ግን ምንባቡን ቀና ብላም አላየችው። በቀጥታ ወደ ጥያቄ 1 ሄደች፤ ከጥያቄው አንድ ቃል በእርሳስ አከበበች፤ ያንኑ ቃል ምንባቡ ላይ በጣቷ እየፈለገች አገኘችው፤ ከጎኑ ካለው ቃል ጋር የሚመሳሰለውን ምርጫ መለሰች። ስድስቱን ጥያቄ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ጨረሰች። አምስቱን አግኝታለች። ወረቀቱን ገለበጥኩና «ለመሆኑ ሰውየው ምን ገጠመው?» አልኳት። ዝም ብላ ቆየችና «ስለ ንብ ነው» አለች።

የሳተችው «ገበሬው ቀፎዎቹን ከመንገዱ ዳር ለምን አነሳ?» የሚለውን ነው። «መንገዱ ሰፊ ስለሆነ» ብላለች፤ ምንባቡ ላይ «መንገድ» እና «ሰፊ» ጎን ለጎን ስላሉ። እንግዲያው አብረን እናንብበው ብዬ ከመጀመሪያው መስመር ጀመርን። የመኪናው አቧራ አበባውን እንደሸፈነው ስንደርስ፣ እኔ ምንም ሳልጠይቃት «እንዴ! ንቦቹ የሚቀስሙት አጥተው ነዋ!» አለች። እንቅልፍ የነሳኝ ግን ቀጥላ የጠየቀችኝ ነው፦ «ግን አባዬ፣ ፓሴጁ ይነበባል እንዴ? ቲቸር ጊዜ ይገድላል፣ ጥያቄውን ብቻ አንብቡ ብለውናል።»

ይህ የአንድ መምህር ዘዴ ቢሆን ኖሮ ሄጄ አነጋግሬ እመለስ ነበር። ነገር ግን በየዓመቱ ከተለያየ ትምህርት ቤት የሚመጡልኝ ልጆች ሁሉ በዚሁ መንገድ ነው የሚያነቡት። ዘዴው ለምን ነጥብ እንደሚያስገኝ ለማየት ይህችን ዐረፍተ ነገር ተመልከቱ፦ «ትናንት ዝምቡጡ ከጭራፋው ላይ ሁለት ምንቅሎች አደጠፈ።» ዝምቡጡ ስንት ምንቅሎች አደጠፈ? ሁለት። ከምን ላይ? ከጭራፋው። ሁለት ከሁለት አገኛችሁ፤ ዐረፍተ ነገሩ ግን ትርጉም የሌለው፣ እኔ የፈጠርኩት ነው። ልጆቻችን እንግሊዝኛን የሚያነቡት እንዲህ ነው፤ ለእነሱ ንቡም ዝምቡጥ ነው፣ ገበሬውም ዝምቡጥ ነው።

ዘዴው ዋጋ የሚያስከፍለው እኔ ክፍል ሲደርሱ ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ባዮሎጂው፣ ፊዚክሱ፣ ታሪኩ፣ ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው። አንድ ቀን ብርሃን ከሌለ ዕፅዋት ምግብ መሥራት እንደማይችሉ የምትናገር አጭር የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር ሰሌዳ ላይ ጻፍኩና ምን ማለት እንደሆነ በአማርኛ ጻፉልኝ አልኳቸው። ከክፍሉ ግማሽ ያህሉ «ዕፅዋት በብርሃን ምግብ መሥራት አይችሉም» ብለው ጻፉ። «ፕላንት»ን አግኝተዋል፣ «ፉድ»ን አግኝተዋል፣ «ላይት»ን አግኝተዋል፣ «ካኖት»ንም አግኝተዋል። ነገሩን ሁሉ የሚገለብጠውን «አንለስ»ን ግን ዘለሉት። ቃል ለቀማ የለመደ ዓይን ትልልቆቹን ስሞች ያነሳና «አንለስ»ን፣ «ኦልዞው»ን፣ «ኢንስቴድ»ን እንደ ገለባ ይተዋቸዋል። የዐረፍተ ነገሩ ፍሬ ያለው ግን እነሱ ላይ ነው።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። ምክንያቱ ብዙ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሁሉንም በንባብ አላመካኝም። ሆኖም የጥያቄውን ዐረፍተ ነገር እስከ ነጥቡ ማንበብ ያልለመደ ልጅ እውቀቱ ቢኖረውም በምን ይመልሳል?

የእናንተንም ጫና አላጣሁትም። ክፍሉ ይሞላል፣ ርዕሰ መምህሩ የሚጠይቀው ስንት አለፉ ብሎ ነው፣ እኛም ወላጆች ወርክሺት ያልበዛበትን መምህር ሰነፍ እንላለን። በዚህ እኔም አለሁበት። ችግሩም የእኛ ብቻ አይደለም። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ዶሎረስ ዱርኪን እ.ኤ.አ. በ1978-79 ባሳተመችው ጥናት የ4ኛ ክፍል የንባብ ትምህርትን በደቂቃ ለክታ ነበር። ከ4,469 ደቂቃ ውስጥ መረዳትን ለማስተማር የዋለው 20 ደቂቃ ብቻ ሆኖ አገኘችው። መምህራኑ በብዛት ሲጠይቁና የወረቀት ሥራ ሲሰጡ ነው ያየቻቸው። መጠየቅን ማስተማር አድርጎ መቁጠር ከያኔ ጀምሮ የታወቀ ስህተት ነው።

የምለምናችሁ ብዙ አይደለም። በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ያለ ምንም ጥያቄ አንድ ምንባብ አንብቡላቸው። ድምፃችሁን አሰምታችሁ አንብቡ፤ «ኢት» የሚለው ቃል ላይ ስትደርሱ ቆም በሉና እናንተ ራሳችሁ «ይቺ ማን ናት? ንቧ ናት ወይስ ቀፎው?» እያላችሁ ስታስቡ ይስሟችሁ። ከዚያ አንዱ ተነስቶ ታሪኩን በአፍ መፍቻ ቋንቋው ይንገራችሁ፤ የገባውና ያልገባው ያን ጊዜ ይለያል። ምንባቡም የሚችሉት ይሁን። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው የተመራማሪዎቹ የሁ እና የኔሽን ጥናት አንባቢ ያለ ረዳት በደንብ እንዲረዳ ከ100 ቃላት 98ቱን ማወቅ እንደሚያስፈልገው ያሳያል። አጋዥ መጻሕፍት ውስጥ ያሉት ምንባቦች ለብዙዎቹ ልጆች ከዚህ በጣም ይርቃሉ፤ ቃል ለቀማውን የሚያስመርጣቸው አንዱ ነገር ይኸው ይመስለኛል። ጥያቄ መሥራቱ አይቅር፤ ግን መልሱን «ሲ ነው» ብላችሁ አትለፉት። «ቢ» ለምን እንዳልሆነ ይከራከሩበት። ጥያቄውን አስቀድሞ ማየት፣ ሰዓት መቆጣጠር የመሳሰለው የፈተና ብልሃት ፈተናው ሲቃረብ በሁለት ሳምንት ይደርሳል።

ከ9ኛ ክፍል የባዮሎጂ መጽሐፍ አንድ ገጽ ፎቶ ኮፒ አድርጌ ልጄ ወደምትማርበት ትምህርት ቤት እልካለሁ፤ ሌሎቻችሁም በአቅራቢያችሁ ካለ የ9ኛ ክፍል መምህር ጠይቃችሁ ውሰዱ። ከሚኒስትሪው በፊት አንድ ቀን ከልጆቹ ጋር አንብቡትና የትኛው ዐረፍተ ነገር ላይ እንደቆሙ አስምራችሁ መልሱልን። መስከረም ላይ ከዚያ መስመር እንጀምራለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የባዮሎጂ መምህር እና የ8ኛ ክፍል ተማሪ አባት