ቱቦ ፎቶን አይወልድም

በብርሃን የሚካሄድ ኬሚካዊ አጸግብሮት ከቤተ ሙከራ ወደ ፋብሪካ የሚሻገረው ፈሳሹ መብራት ላይ በተጠመጠመ ቀጭን ቱቦ፣ ማለትም በፍሎው ሪአክተር ውስጥ ሲፈስ ብቻ ነው የሚለው እምነት በዘርፉ ሥር ሰድዷል። መነሻው እውነት ነው። ብርሃን ወደ ፈሳሽ ሲዘልቅ በፍጥነት ይደክማል፤ ደማቅ ቀለም ባለው ፈሳሽማ አብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሚሊሜትሮች ተውጦ ያልቃል። ስለዚህ የትልቅ ጋን ሆድ ጨለማ ነው ይባላል።

ጨለማው ግን ኪሳራ አይደለም። ዳር ላይ የተዋጠው ፎቶን፣ ማለትም የብርሃን ቅንጣት፣ ሥራውን እዚያው ሠርቷል፤ ፈሳሹ በደንብ ከተማሰለ መሐል ያለውም ተራው ይደርሰዋል።

ይህን በሙከራ ያሳየው የቱቦው ተቃዋሚ አይደለም። የብሪስቶል ዩኒቨርሲቲው ኬቨን ቡከር-ሚልበርንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 ቀለል ያለ የቱቦ ሪአክተር ያስተዋወቁ ናቸው። የእሱ ቡድን በ2014 በርካታ አጸግብሮቶችን በቱቦም በተራ ዕቃም አመቻችቶ፣ ሁኔታዎቹንም አስተካክሎ አወዳደረ። የምርቱ ድርሻ አንድ ዓይነት ሆነ። በፍጥነት ደግሞ ባለአንድ ንብርብር ቱቦ ከተራው ዕቃ በአማካይ 20 በመቶ አነሰ፣ ባለሦስት ንብርብሩ 20 በመቶ በለጠ። ተአምር የተባለው ልዩነት ይኸው ነው።

ታዲያ አሥር እጥፍ ፈጠነ የሚለው ወሬ ከየት ይመጣል? ብዙውን ጊዜ ከመብራት ራቅ ብሎ የተቀመጠ ብልቃጥ መብራቱን ካቀፈ ቱቦ ጋር ስለሚወዳደር ነው። ይህ የዕቃ ሳይሆን የመብራት ውድድር ነው። የሞገድ ርዝመቱ 450 ናኖሜትር የሆነ ሰማያዊ ብርሃን በ1 ኪሎዋት ሰዓት 13.5 ሞል ያህል ፎቶን ይሰጣል። አንድ ፎቶን ቢበዛ አንድ ሞለኪውል በሚለውጥበት አጸግብሮት ከዚያ በላይ ምርት በየትኛውም ዕቃ አይገኝም፤ ከአሥር ፎቶን አንዱ ብቻ ከተሳካ ደግሞ ምርቱ 1.35 ሞል ነው።

የጃፓኑ ቶሬ ኩባንያ ከ1960ዎቹ ጀምሮ የናይለን 6ን ጥሬ ዕቃ በብርሃን ሲያመርት በዓመት ከ100,000 ቶን በላይ ደርሷል፤ መብራቶቹ የተነከሩት በትልልቅ ታንኮች ውስጥ እንጂ ቱቦ አልተጠመጠመባቸውም። የረዳው ከተዋጠው አሥር ፎቶን ሰባት ያህሉ ሥራ መሥራታቸው ነው። በኢትዮጵያ ለወባ የሚሰጠው ኮአርተም የሚሠራበት አርቴሚሲኒን በብርሃን ሲመረትም እንዲሁ ነው። ኬሚስቱ ፒተር ዜበርገር በ2012 በቱቦ መሥራት እንደሚቻል በጀርመን አሳየ፤ የመድኃኒት ኩባንያው ሳኖፊ ግን በጣሊያን ጋሬሲዮ እየተሞላ በሚራገፍ ዕቃ በ2013 35 ቶን አመረተ። ፋብሪካውን የጎዳው የዕቃው ቅርጽ አልነበረም፤ ከተክል የሚገኘው በኪሎ ከ250 ዶላር በታች ሲወርድ የሳኖፊው ዋጋ ከ350 በላይ መሆኑ ነው።

ቱቦ የሚያስፈልግበት ቦታ አለ። የብሪስቶሉ ቡድን ራሱ ሊፈነዳ የሚችለውን ፕሮፔላን የተባለ ውህድ ቀለበት የሚከፍተውን አጸግብሮት በብዛት ለማካሄድ የመረጠው እሱን ነው፤ በአንድ ጊዜ መብራት ሥር የሚገኘው አደገኛ ፈሳሽ ጥቂት ስለሚሆን። ብርሃን ሲበዛበት የሚበላሽ ምርትም እዚያ ይተርፋል። ምክንያቱ እንዲህ በስሙ ይጠራ። የዘርፉ መጽሔቶችም ምን ያህል ፎቶን እንደገባና ስንቱ እንደሠራ ያልገለጸ «ቱቦው አሸነፈ» የሚል ጽሑፍ ማተማቸውን ያቁሙ።