ሕመምተኛውን ማን ያገላብጠው?

ራሱን ችሎ መገላበጥ የማይችል ሕመምተኛ በአንድ ጎኑ ለረጅም ሰዓት ሲተኛ፣ አጥንት የሚጫነው ቆዳ ደም አጥቶ ይቆስላል። በይበልጥ የሚጎዱት መቀመጫ፣ ዳሌና ተረከዝ ናቸው። ቁስሉ ካመረቀዘ ሕይወትን እስከ ማሳጣት ይደርሳል።

ይህን ነርሶቻችን ተምረውታል። ተግባሩ ላይ ግን ችግር አለ። በየ2 ሰዓቱ ማገላበጥ፣ ቆዳን ማየት፣ የረጠበ አንሶላ መቀየር በብዙ ሆስፒታሎቻችን ለአስታማሚ የተተወ ሥራ ሆኗል። አስታማሚውን ግን ያስተማረው የለም። በመሆኑም የቀላውን ቆዳ አጥብቆ ያሻል፤ ይህም ጉዳቱን ያባብሰዋል።

የነርሶች ቁጥር ማነሱ እውነት ነው። ሆኖም ሕመምተኛው በተኛበት ቀን አገላበጡን ለአስታማሚው ማሳየት ጥቂት ደቂቃ ቢወስድ ነው። እኛም ቤተሰቦች «እንዴት ላገላብጠው?» ብለን ለመጠየቅ አንፈር።