‹‹ሰውነቴ ጠንክሯል›› ብሎ መድኃኒት ማቋረጥ



ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ አንዳንድ ወገኖቻችን መድኃኒቱን ጥቂት ወራት ወስደው ክብደታቸው ሲመለስና ፊታቸው ሲወዛ፣ ‹‹ከእንግዲህ ማሩና ጥቁር አዝሙዱ ይበቃኛል፤ ሰውነቴ ራሱ ይከላከላል›› ሲሉ ሰምታችሁ ይሆናል። ማርም ጥቁር አዝሙድም በሐዲስ የተመሰገኑ ናቸውና ከማዕዳችሁ አይጥፉ። ‹‹ሰውነት ከጠነከረ ቫይረሱ ይሸነፋል›› የሚለው ሐሳብ ግን አያስኬድም። ለዚህም የአንዲት ፈረንሳዊት ተመራማሪን የሥራ ዘመን መመልከት የሚበቃ ይመስለኛል።

ፍራንሷዝ ባሬ ሲኑሲ እ.ኤ.አ. በ1983 መጀመሪያ በፓሪሱ ፓስተር ተቋም ይሠሩ ነበር። ያን ጊዜ አንገቱ ላይ ንፍፊት ከወጣበት ሕመምተኛ የተወሰደ ናሙና ለቡድናቸው ደረሰ። ሕዋሳቱን በላቦራቶሪ እያቆዩ፣ ቫይረሱ ሲራባ የሚጠቀምበትን ኢንዛይም በየጥቂት ቀኑ ይፈልጉ ጀመር። ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሆነው ምልክቱ ታየ፤ ብዙም ሳይቆይ ደከመ፤ ሕዋሳቱ እየሞቱ ነበርና። ከጤነኛ ደም ለጋሽ የተወሰዱ ነጭ የደም ሕዋሳት ሲጨመሩበት ምልክቱ ተመልሶ አየለ። እስቲ ይህን ልብ በሉ፤ አዲስ የገቡት ጤነኛ ወታደሮች ለቫይረሱ ቀለብ ሆኑለት። ግኝቱ በዚያው ዓመት ታተመ፤ እርሳቸውና ሉክ ሞንታኝዬም በ2008 የኖቤል ሽልማት አገኙበት።

ዝናቸው ከዚህ የመጣ ቢሆንም፣ ለእኔ የሚበልጥብኝ ከዚያ በኋላ ለዓመታት የተከታተሉት ጥያቄ ነው፤ ቫይረሱ ገብቶባቸው የማይታመሙት ለምን አይታመሙም?

የእኛዋ ጦጣ የቅርብ ዘመዶች የሆኑ የአፍሪካ ጦጣዎች የኤች አይ ቪ ዘመድ የሆነ ቫይረስ ዕድሜ ልካቸውን በደማቸው ይዘው ይኖራሉ። የቫይረሱ ብዛት ከፍተኛ ነው፤ ሆኖም በአብዛኛው አይታመሙም። ሰው የሚጠብቀው መልስ ‹‹መከላከያቸው ቢበረታ ነው›› የሚል ነው። የእርሳቸው ቡድንና ሌሎችም ያገኙት ግን ሌላ ነው። ቫይረሱ ሲገባ የጦጣዎቹም ሰውነት ይቆጣል፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ግን ይረጋጋል። በሰው ላይ ቁጣው አይበርድም። ሐኪሞች ብግነት የሚሉት ይህ የማያቋርጥ ቁጣ መከላከያችንን ያደክማል፤ የነቁትና ለውጊያ የተሰለፉት ሕዋሳት ደግሞ ቫይረሱ በቀላሉ የሚገባባቸው ናቸው። እንግዲህ ‹‹መከላከያዬን ላበርታ›› የሚል ሰው ምኑን እንደሚያበረታ ያስብበት።

‹‹ያለ መድኃኒት ጤነኛ ሆነው የሚኖሩ ሰዎች አሉ ይባላል፤ እኔም ከእነርሱ ብሆንስ?›› የሚል አንባቢ ይኖራል። እውነት ነው፣ አሉ፤ ነገር ግን ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም። በ2013 የታተመ ጥናትም፣ ሕክምናን ገና በጠዋቱ ጀምረው ለዓመታት ከወሰዱ በኋላ ያቆሙና ቫይረሱን መቆጣጠር የቻሉ 14 ሰዎችን መዝግቧል። አሥራ አራት! ከእነዚህ አንዱ መሆናችሁን አስቀድሞ የሚነግራችሁ ምርመራ በክሊኒክ የለም። መሞከሩ ምን እንደሚያስከፍል ግን ታይቷል። ከ5,000 በላይ ሕሙማን የተሳተፉበት ትልቅ ጥናት በ2006 መድኃኒት የማቋረጡን ሙከራ አስቁሟል፤ ያቋረጡት ይበልጥ ታመሙ፣ ይበልጥም ሞቱ፤ የልብ፣ የኩላሊትና የጉበት ሕመም ሳይቀር በዛባቸው።

መድኃኒቱ ቫይረሱን ከደም ምርመራ እስኪጠፋ ድረስ ያዳክመዋል፤ በዚያ ደረጃ ላይ ያለ ሰው በግንኙነት ለትዳር ጓደኛው አያስተላልፍም። ነገር ግን ጥቂቱ ቫይረስ ባንቀላፉ ሕዋሳት ውስጥ ተደብቆ ይቀራል፤ መድኃኒቱ ሲቆም በአብዛኛው ሰው ላይ በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል። አንድ ወር በቂው ነው።

ስለዚህ ለረመዷን ብላችሁ ለማቆም ያሰባችሁ ካላችሁ አታቁሙ። የዛሬው መድኃኒት ለብዙዎች በቀን አንድ ጊዜ የሚዋጥ ስለሆነ ከኢፍጣር በኋላ ወይም በሱሑር ሊወሰድ ይችላል። ሰዓቱን ለመቀየር ወሩ ሳይገባ፣ በሻዕባን፣ የሚከታተላችሁን ሐኪም አነጋግሩ፤ መጾም የማይችል ሕመምተኛ እንደሆናችሁም እዚያው ጠይቁ።